በአንድ ፍንጭ አይፈረድም

እህቶቼ፣ እሁድ ስንገናኝ ወሬያችን ያው ነው፤ ደሞዝ፣ ማዳም፣ ሀዋላ። እኔ ግን ከበረካው በኋላ ጓደኞቼን ሌባ ፍለጋ አሰማራቸዋለሁ።

ጨዋታው ሮል ፕሌይንግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ በወጣው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ታወቀ፤ በ1981 የወጣው ኮል ኦፍ ክቱሉ ደግሞ ተጫዋቾቹን ምስጢር ፈላጊ አደረጋቸው። አንዷ ታሪኩን ትመራለች፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው «በሩን እከፍታለሁ»፣ «ዘበኛውን እጠይቃለሁ» ይላሉ። መሳካቱ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። ለእኛ የሉዶ ዳይስ፣ ደብተርና እስክርቢቶ ይበቃናል።

አንድ እሁድ የሰርግ ቤት አዘጋጀሁ። የሙሽራዋ የወርቅ ሀብል ጠፍቷል፤ ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው ወጥ ቤት የምትሠራዋ ልጅ ላይ ነው። ምስጢር የምትመራ ሴት ትልቁ ስጋቷ ተጫዋቾቹ ፍንጩን ስተው ታሪኩ እንዳይቆም ነው። ጀስቲን አሌክሳንደር የተባለ የጨዋታ ጸሐፊ ለዚህ መላ አለው፤ እንዲደርሱበት ለሚፈለገው ነገር ሁሉ ቢያንስ ሦስት ፍንጭ ይቀመጥ ይላል። እኔም ወደ ሙሽራው አጎት የሚያመሩ ሦስት ነገሮች ደበቅሁ፤ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከወርቅ ቤት የተሰጠ ወረቀት፣ ወደ መኝታ ቤቱ ሲገባ ያየችው ጎረቤት፣ ማንም ያላወቀው ዕዳ። ዋናውን ፍንጭ ለዳይስ አልተውም፤ ቦታው ላይ የፈለገች ታገኘዋለች።

መሃል ላይ አንዷ ጓደኛችን ዝም አለች። ድሮ በሠራችበት ቤት ቀለበት ጠፍቶ ሻንጣዋ ተበርብሯል፤ ቀለበቱ ከሶፋ ስር ሲገኝ ግን ይቅርታ ያላት የለም። ታሪኩን ልቀይር ስል «ተይው፣ ልጅቷን እኔ ነኝ የማናግራት» አለች። «ሀብሉን መጨረሻ ያየው ማነው? ስንት ሰዓት ነበር? ካንቺ ሌላ ማን ገባ?» ስትል ጠየቀች። ልጅቷን ሆኜ የምመልሰው እኔ ነኝና ጉሮሮዬን ጠርጌ መለስኩ።

ድሮ በአገራችን ሌባሻይ ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ዛሬም ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚፈተሸው የእኛ ሻንጣ ነው እኮ! በጨዋታችን ግን ማንም በአንድ ፍንጭ ሌባ አይባልም።

ብትሞክሩት መልሱን አስቀድማችሁ ደብተር ላይ ጻፉ፤ ሌባውን መሃል ላይ አትቀያይሩ። ፍንጮቹንም ለየብቻ ደብቁ፤ አንዱ ቢያመልጥ ሌላው እንዲገኝ። ቀሪው እየተጫወቱ ይለመዳል።