ያለቀ ግማሽ

ቤቱን የሚያድስ ሰው ከአላፊ አግዳሚው የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «መቼ ያልቃል?» በሰፈራችን በድሬዳዋው ቀፊራ ደግሞ አላፊ አግዳሚ አይጠፋም። ወደ ገበያ የምትወርደው ትጠይቃለች፣ ባለ ባጃጁ ፍሬን ይዞ ይጠይቃል፣ ጫቱን በፌስታል አንጠልጥሎ ወደ በርጫው የሚጣደፈውም ሳይቀር ቆም ብሎ በተነቀለው በር ወደ ውስጥ ያያል። እኛ መጀመሪያ «ለመስከረም» እንል ነበር። ቀጥሎ «ለገና» አልን። ኋላ «ኢንሻአላህ» ብቻ ቀረን።

ሥራው የተጀመረው በግንቦት 2016 ነው። ቤቱ የአያቴ ነው፤ ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ ላዩ ኖራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። የታሰበው ብዙ አልነበረም፦ ቆርቆሮውን መቀየር፣ ግድግዳውን መለሰን፣ ወለሉን ሴራሚክ ማድረግ፣ ቧንቧውን ማደስ። ፎርማኑ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረና እናቴን «ማዘር፣ አብሽሩ፤ ክረምቱ ሳይወጣ እናስረክባለን» አላት። ቀብዱን ተቀበለ። ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ክፍል ፈረሰ፤ ዕቃችን ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ተከመረ።

አሮጌ ቤት ጉዱን የሚያወጣው ሲከፈት ነው። ቆርቆሮው ሲነሳ ማገሩን ምስጥ እንደጨረሰው ታየ። ወለሉ ሲቆፈር ቧንቧው ተደፍኖ ተገኘ። የድሬ ውሃ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ሻይ ያፈላ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያው ቅርፊት ቧንቧችንን ለዘመናት ሲያጠብበው ኖሯል። «አንድ ክንድ ያህል እንቀይራለን» የተባለው ሥራ እስከ ቆጣሪው ድረስ ተጓዘ።

ከዚያ ሐምሌ 22 መጣ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሴራሚኩም፣ የኤሌክትሪክ ገመዱም፣ የቧንቧ ዕቃውም ከውጭ የሚመጣ ነውና ባለ ሱቆቹ ዋጋ መናገር ፈሩ፤ «ነገ ተመለሱ» ይሉናል፣ ነገ ሌላ ዋጋ ነው። ፎርማኑ በድሮ ዋጋ የተዋዋለውን ሥራ እያሳሳ ሄዶ፣ በመጨረሻ በአዲስ ዋጋ ወደሚከፍለው ሰው ዞረ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ተናድጃለሁ፤ ግን ሠራተኞቹም ዘይትና ዱቄት የሚገዙት በአዲሱ ዋጋ ነበር።

በዚህ ሁሉ መሀል ክረምት ነው። እኛ ሰፈር በሐምሌ ጣሪያ ክፍት ሆኖ ማደር ቀልድ አይደለም። አጠገባችን ያለው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይከርምና፣ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከሐረርጌ ደጋ በሚመጣ ውሃ ድንገት ይሞላል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ሌሊቱን መጥቶ ከ250 በላይ ሰው የወሰደውን ጎርፍ የቀፊራ ሰው አልረሳውም። እናቴ በላይ በኩል ደመና ካየች አትተኛም። ሙቀቱ ሲሆን ግን ግቢ ማደር ለድሬ ልጅ ብርቅ አይደለም፤ አልጋ አውጥተን፣ አጎበር ዘርግተን ነው ያደግነው። ያስቸገረን አቧራው ነው። ሻይ ውስጥ አለ፣ ሩዝ ውስጥ አለ፣ ትራሱ ላይ አለ። ፍሪጃችን ጎረቤት ተሰደደ፤ እኛም ለገላ መታጠቢያና ለሽንት ቤት ተከትለነው ሄድን። ጎረቤቶቻችን አንድ ቀን ፊታቸውን አላጠቆሩም። ግን ፎጣ ይዞ የሰው በር ማንኳኳት ሲደጋገም እንግዳው ራሱ ይሰቀቃል።

ፎርማኑ ዋሽቶናል ወይ? አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1994 ሮጀር ቢውለር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ተጠየቁ። በአማካይ 34 ቀን ገደማ አሉ። ሁሉም ነገር ቢበላሽስ? ወደ 49 ቀን አሉ። የፈጀባቸው ከ55 ቀን በላይ ነው። ክፉውን ሁሉ አስበው የገመቱት እንኳ ከእውነታው አነሰ ማለት ነው። ስለዚህ መፍትሔው የተሻለ ቀን መገመት አይደለም፤ ሥራው ቢዘገይም የሚያኖር አሠራር ማበጀት ነው።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም፤ ከደቻቱ ማዶ የባቡሩ ሰፈር ከዚራ አለልኝ። ዳግማዊ ምኒልክ ለባቡሩ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ ሥራው በ1890 ተጀመረ። ሐዲዱ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር፤ ተራራው ወጪውን ስላናረው በሜዳው አለፈና በ1895 እዚህ ደረሰ። እዚህ ሲደርስ ገንዘብ አጠረ፣ የመንግሥታት ሽኩቻ ተጨመረ፣ ኩባንያው ከሰረ። በሌላ ኩባንያ ተቀጥሎ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው፤ ምኒልክ ካረፉ ሦስት ዓመት አልፎ።

ታዲያ በእነዚያ የመጠበቂያ ዓመታት ድሬ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ከጅቡቲ እስከዚህ ያለው ሐዲድ ያለቀ ነበርና ባቡሩ ይመላለሳል፤ ከዚህ ወዲያ ዕቃው በግመልና በበቅሎ ይጫናል። ዓረቡ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ ሱቁን የከፈተው ሐዲዱ በቆመበት ቦታ ነው። ወርክሾፑም እዚሁ ተተከለ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ መስመሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተቆፍሮ ገንዘቡ ቢያልቅ ኖሮ ግን የሚቀረው ረጅም ቦይ ነበር። ተጀምሮ ከቀረ ሙሉ ይልቅ ያለቀ ግማሽ ይበልጣል።

እናቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት፤ ከታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን ከትዕግሥት ማለቅ እዚያው ደረሰች። አዲስ ግንበኛ ሲመጣ የመጨረሻ ቃሏን ሰጠች፦ «ልጄ፣ አንዷ ክፍል በሯ፣ መስኮቷ፣ ወለሏና ቀለሟ ሳያልቅ ሌላውን እንዳትነካ። ሽንት ቤቱ ውሃ ሲያወርድ ትከፈላለህ፤ መብራቱ ሲበራ ትከፈላለህ።» እሱም ወደደው፤ ገንዘቡ በየጥቂቱ እጁ ስለሚገባ ሌላ ሥራ አላማረውም። ሽንት ቤቱ አለቀ። አንድ ክፍል አለቀች፣ ገባንባት። ሌላዋ ተከተለች። ሳሎኑ ዛሬም ወለል የለውም፤ እኛ ግን ቤታችን ውስጥ ነን።

ቤት ልታድሱ ላሰባችሁ የማካፍለው ይህንኑ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዘገየ ሥራ መቀጫ አስቀድሞ በውል መወሰን ይፈቅዳል፤ ግን ቀብዱን ለስሚንቶ ካዋለ ፎርማን ኪስ መቀጫ ማውጣት ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ ከማለቂያው ቀን ይበልጥ የሥራውን ተራ በግልጽ ጻፉ፦ የትኛው ክፍል ይቀድማል፣ ምን ሲያልቅ ምን ይከፈላል። ከውጭ የሚመጣውን ዕቃ ግድግዳው ሳይነካ ግዙ። ጣሪያ በሐምሌ አታንሱ። ወጥ ቤቱንና ሽንት ቤቱን ደግሞ ማንም ምንም ቢላችሁ ባንድ ቀን አታፍርሱ፤ ያለ ሳሎን ዓመት መኖር ይቻላል።