በካርቱም ያሳለፍናት የመጀመሪያዪቱ ዓርብ

ካርቱም የገባነው በነሐሴ ወር 2006 ዓ.ም. ነው። መሥሪያ ቤታችን የዓረብኛ ቋንቋ ለአንድ ዓመት ተምረን እንድንመለስ ስለ ላከን፣ በአየር መሄድ ሲቻል፣ አገሩን እያየን እንሄዳለን ብለን በጎንደር በኩል በአውቶቡስ ተጓዝን። ከአየር ቲኬቱ የሚተርፈውንም ገንዘብ አስበን እንደ ነበረ ለአንባቢ አንሸሽግም።

መተማ ላይ ጥቂት ቆምን። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋራ ሲዋጉ ቈስለው ያረፉበት ምድር ነው። ስለ እርሳቸው በልጅነታችን ብዙ ስለ ሰማን፣ ቦታው በተራራ የተከበበ ታላቅ ስፍራ መስሎን ነበር፤ ያገኘነው ግን ሙቀት የበዛበት፣ የጭነት መኪና የተሰለፈበት የጠረፍ ከተማ ነው። ትንሹን ድልድይ በእግር ተሻግረን ገላባት ገባን። ከዚያ በኋላ እስከ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍም እስከ ካርቱም፣ ተራራ የሚባል ነገር ከዓይናችን ጠፋ። ግራና ቀኙ ማሽላና ሰሊጥ ብቻ ነው። በደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ተራራ ሲያጣ ምን ያህል እንደሚጨነቅ ያወቅነው ያን ቀን ነው።

ወደ ከተማዪቱ ስንቃረብ በስተ ደቡብ በኩል ቡናማ ግድግዳ የመሰለ ነገር ከምድር እስከ ሰማይ ተነሣ። ሱዳኖች ሐቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ነው። ሹፌሩ መብራቱን አብርቶ ዳር ያዘ፤ ተሳፋሪዎቹም በጥምጥማቸው አፍና አፍንጫቸውን ሸፈኑ። እኛ ጥምጥም ስላልነበረን ካርቱምን በመጀመሪያ ያወቅናት በጥርሳችን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ያደርንበት ሎካንዳ ባለቤት በክፍል ውስጥ መተኛት እንደማይቻል ነግሮን በግቢው መካከል የጠፍር አልጋ አሰናዳልን። ከሃያ የማናውቃቸው ሰዎች ጋራ ከሰማይ በታች ተኛን። የካርቱም ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ሌሊቱም እንደ ቀኑ ይሞቃል። በሦስተኛው ሌሊት፣ ደብዳቤ ጽፈን፣ «አየሩ ለጤናችን አልተስማማንም» ብለን ለመመለስ ቈርጠን ነበር። ደብዳቤውንም ጽፈነዋል፤ አልላክነውም እንጂ።

ከሙቀቱ ይልቅ ያስጨነቀን ቋንቋው ነው። ትግርኛ ተናጋሪ ለዓረብኛ ቅርብ ነው እየተባለ ሲነገረን ስለ ኖረ ተማምነን ሄደን ነበር። እርግጥ ነው፣ ቤት «በይት» ነው፤ ሰማይ «ሰማ» ነው፤ የኛ ከልቢ የእነርሱ «ከልብ» ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን በምግብ ቤት የቀረበን አሳላፊ «ላሕም?» ብሎ ሲጠይቀን ደነገጥን። በትግርኛ ላሕሚ ማለት ላም ማለት ነውና፣ ለአንድ ሰው ምሳ ሙሉ ላም የሚያቀርብ አገር ምን ዓይነት አገር ነው አልን። በዓረብኛ ግን ሥጋ ማለት ኖሯል። በማግሥቱም በመንገድ ላይ አንድ ልጅ «ሞያ! ሞያ ባርዳ!» እያለ ሲጮኽ ሰምተን፣ ይህ ሕፃን በዚህ ዕድሜው ስለ ሞያ ምን ያውቃል ብለን ተገረምን። ልጁ የሚሸጠው ቀዝቃዛ ውኃ ነበረ። አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን እንዲህ ያለው ነገር ሲደርስባቸው እንዳያፍሩ ብለን ነው ይህን መጻፋችን።

በዚያው ሳምንት አንድ ሱዳናዊ የትምህርት ጓደኛ አገኘን። ረቡዕ ዕለት ትከሻችንን ይዞ፣ «ያ ዞል፣ ዓርብ ዕረፍት ነው፤ ወደ ባሕር እንሂድ፤ በሦስት ሰዓት በትልቁ ዛፍ ሥር ጠብቀኝ» አለን። ቀይ ባሕር ከካርቱም በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ከካርታ እናውቅ ስለ ነበረ ነገሩ አስደነቀን። ያም ሆነ ይህ ግብዣ ነውና ተሰናዳን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ባነበብነው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ፣ እንግሊዞች በባሕር ዳር ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት አጥፈው በወንበር ተቀምጠው፣ ልጆቻቸውም በአሸዋ ላይ ቤት ሲሠሩ የሚያሳይ ሥዕል ነበረ። እኛም በዚያ ሥዕል መሠረት ፎጣ፣ ጕርድ ሱሪ፣ ለሁለት ቀን የሚሆን ዳቦና የታሸገ ዓሣ በቦርሳ ይዘን በሦስት ሰዓት ከተባለው ዛፍ ሥር ተገኘን።

ጓደኛችን አልመጣም። አራት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሆነ። ሰዓቱን እንዴት እንደ ቈጠርነው አንባቢ ሳይገምት አይቀርም። እርሱ ሦስት ሰዓት ያለው ከቀትር በኋላ ያለውን ነው፤ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ሙሉ በዓባይ መንገድ ዳር ቦርሳ ታቅፈን ተቀመጥን።

ከዚያው ዛፍ ሥር አንዲት ሴት የቡና ዕቃዋን እየዘረጋች ነበረ። በዚያ መንገድ ላይ ሻይና ቡና ከሚሸጡት ሴቶች ብዙዎቹ የሐበሻ ልጆች ነበሩ። ሴትዮዋ ዝንጅብሉን ስትወቅጥ በለሆሳስ የምታዜመውን ሰምተን በትግርኛ ሰላምታ ሰጠናት። ዘነዘናዋን አቁማ፣ «ወደይ፣ ከወዴት መጣህ?» አለችን። እኛም አደይ ብለን መለስን፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ስሟ ለኛ አደይ ነው። ከዓድዋ አውራጃ ከወጣች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር።

የምንማር መሆናችንን በሰማች ጊዜ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ከዕቃዋ ሥር የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። ልጇ በጎንደር ከእኅቷ ጋራ ተቀምጦ ይማራል። ትግርኛ ማንበብ ስላልተማረ ደብዳቤው በአማርኛ መሆን አለበት፤ እርስዋ ደግሞ ማንበብም መጻፍም አታውቅም። ስልክ አለሽ፣ ለምን አትደውዪለትም ብንላት፣ «በስልክ እንባው ይቀድመኛል፤ ወረቀት ግን አያለቅስም» አለችን።

እርስዋ በትግርኛ ስትነግረን እኛ በአማርኛ ጻፍን። የመጀመሪያው ቃል ራሱ አስቸገረን። «ናፊቐካ» አለች። በትግርኛ የግሡ ባለቤት የናፈቀችው እናት ናት፤ በአማርኛ ግን «ናፍቀኸኛል» ሲባል ባለቤቱ የተናፈቀው ልጅ ይሆናል። ብዕራችንን ይዘን ጥቂት አሰብን። እናቲቱ ስድስት ዓመት የተሸከመችውን ሥራ ሁሉ አማርኛው ለልጁ የሰጠው መሰለን። ቢሆንም ሌላ ቃል ስለሌለ «ናፍቀኸኛል» ብለን ጻፍን።

ቀጥላም፣ «በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ቡና አፈላለሁ በለው» አለች። «ክፍሌም ቀዝቃዛ አየር የሚሰጥ መሣሪያ አለበት በለው።» ይህን ስትል በግንባሯ ላይ ላብ ይወርድ ነበረ። አንዳንድ ቀንም ዕቃዋን ይዛ ከዛፍ ወደ ዛፍ እንደምትሸሽ ጥቂት ቀደም ብላ ነግራናለች። ያስተማሩን ሰዎች ሐሰት የሆነውን ነገር በእጃችሁ አትጻፉ ብለው አሳድገውናልና ቆም አልን። እርስዋም የልባችንን አውቃ፣ «ወደይ፣ ልጄ በሚማርበት ሰዓት እናቴ ፀሐይ ላይ ናት ብሎ ከሚያስብ አንተ ብትዋሽለት አይሻልም?» አለችን። ጻፍን። ዛሬም ቢሆን ትክክል ሠርተናል ወይም በድለናል ለማለት አንደፍርም።

ጓደኛችን በዘጠኝ ሰዓት ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ እየሣቀ መጣ። ቦርሳችንን ከፍቶ ፎጣውንና የታሸገውን ዓሣ ባየ ጊዜ ሣቁ በረታ። ሱዳኖች ወንዙን «ባሕር» ይሉታል፤ ከጥቁር ዓባይ ማዶ ያለውም የከተማ ክፍል ባሕሪ ይባላል። ልንሄድበት የተሰናዳንበት ባሕር ስድስት ሰዓት ሙሉ ከፊታችን ሲፈስ ውሏል።

ወደ ሙግረን ወሰደን፤ ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ ነው። ከኡጋንዳ በኩል የሚመጣው ነጭ ዓባይ ሰፊና ዝምተኛ ነው፤ መልኩ አመድ ይመስላል። ጥቁር ዓባይ ግን ነሐሴ ስለ ነበረ ሞልቶ፣ ቀልቶ፣ ግንድና ቅጠል እየገፋ ይወርድ ነበረ። ሁለቱ ከተገናኙም በኋላ ቶሎ አይዋሐዱም፤ በአንድ አልጋ ላይ ጀርባቸውን እንደ ሰጡ ወንድማማቾች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በመካከላቸው ያለውን መስመር በዓይን መከተል ይቻላል። ከፊት ለፊት ቱቲ የምትባለው ደሴት ትታያለች፤ ሰዎቿ በክረምት ሌሊቱን በየተራ እየጠበቁ ጐርፉን በአፈር ክምር ሲከላከሉ የኖሩ ናቸው።

ሱሪያችንን እስከ ጉልበት አጥፈን እግራችንን በቀዩ ውኃ ውስጥ አስገባን። ከጣና ወጥቶ በጎጃም ዞሮ የመጣ ውኃ ነው። የትግራይ ልጅ እንደ መሆናችን ተከዜ ቢሆን ደስ ባለን፤ ተከዜ ግን አትባራ ተብሎ ከካርቱም በታች 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው ከዓባይ የሚገናኘው። ጓደኛችን በዳር ያሉትን የጡብ ምድጃዎች አሳየን። ጐርፉ በየዓመቱ ከሚያመጣው ደለል ጡብ እየተሠራ ከተማው ይታነጽበት ነበረ። «እንግዲህ የእኛን አፈር ነው ቤት ያደረጋችሁት» ብንለው፣ «አንተም በቤትህ ነህ ማለት ነው» ብሎ መለሰልን። መልስ አጣን። ጕባ ላይ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ እንኳ፣ ደለሉ አብዛኛው ከግድቡ በስተጀርባ ይቀራል።

በማግሥቱ ቅዳሜ ኦምዱርማን ሄድን። ማሕዲው ካርቱምን እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 1885 ከያዘ በኋላ ብዙም ሳይቈይ በዚያው ዓመት ሞተ፤ ከከረሪ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1898) በኋላ የፈረሰው መቃብሩ እ.ኤ.አ. በ1947 እንደ ገና ተሠርቷል። ከአጠገቡ ያለው የኸሊፋው ቤት ሙዚየም ነበረ። እዚያ ግቢ ውስጥ ስንቆም ልባችን ከበደ። ከመተማ በኋላ የዐፄ ዮሐንስ ራስ ተቈርጦ ወደዚያች ከተማ ተወስዷልና። ጓደኛችንን ልንነግረው አላሰብንም ነበረ፤ ነገር ግን ፊታችንን አይቶ ጠየቀን፤ ነገርነው። እርሱም ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ፣ የእርሱ ቅድመ አያት በዚያው በመተማ ጦርነት ሞተው እንደ ቀሩ ነገረን። ከዚያም ከበር ላይ ለመንገደኛ ከተቀመጠው የውኃ ጋን በአንድ ጣሳ ጠጣን።

በነገራችን ላይ፣ ከኢትዮጵያ ሄዶ በዚያ የተማረ እኛ የመጀመሪያ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1940 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በካርቱም በስደት ሳሉ፣ በአቅራቢያው በሶባ የኢትዮጵያ ወጣቶች የመኰንንነት ትምህርት ይማሩ ነበረ፤ እነ ሙሉጌታ ቡሊና መንግሥቱ ነዋይ ከዚያ የወጡ ናቸው።

ያየናት ካርቱም ዛሬ የለችም። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ተነሥቶ ከተማዪቱ በእሳት ተቃጥላለች፤ ብሔራዊ ሙዚየሟ ተዘርፏል። አደይ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በመተማ በኩል ወጣች፤ ልጇ መተማ ድረስ ሄዶ ተቀብሏታል።

ወደ ደብዳቤው እንመለስ። በአውቶቡስ ሹፌር እጅ የተላከው መልስ ከአንድ ወር በኋላ መጣ። ዓርብ ዕለት ከዛፉ ሥር ተቀምጠን ከፈትነው። ልጁ ገንዘቡ እንደ ደረሰው፣ ጫማና ደብተር እንደ ገዛበት ጽፏል። ከዚያ በታች ግን፣ «ከካርቱም የመጣ የጎረቤታችን ልጅ በወንዙ ዳር በዛፍ ሥር ቡና ስትሸጪ እንዳየሽ ነገረን። ጀበናዪቱ ያቺ አንገቷ የተሰነጠቀው ናት ወይ?» ይላል።

አማርኛውን ወደ ትግርኛ የምንመልሰው እኛ ስለ ሆንን ያን ቦታ ዘለን ማለፍ እንችል ነበር። አልዘለልነውም። አደይ ሰምታ ስትጨርስ ከሰሉን በማራገቢያ ነካ ነካ አደረገች፤ ጀበናዋንም አንሥታ ወደ እኛ አዞረቻት።

«አንገቷን በሽቦ አስሬያታለሁ በለው» አለች። ወረቀት አወጣን።