ግቢያችሁ ያለውን ባሕር ዛፍ ስታስቆርጡ

ክረምት ሲቃረብ ስልኬ ይበዛል። ከጉርድ ሾላ፣ ከሲኤምሲ፣ ከኮተቤ የሚደውሉ ሰዎች ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ግቢያችን ያለው ባሕር ዛፍ ቤቱ ላይ ሊወድቅብን ነው፤ በስንት ትቆርጠዋለህ?» ዛፉ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ከሥሩ ምን እንዳለ፣ የመብራት ሽቦ በየት በኩል እንደሚያልፍ ከመናገራቸው በፊት ዋጋውን ይጠይቃሉ። አልፈርድባቸውም፤ ኑሮ ከባድ ነው፤ ዛፉም ያስፈራል። ግን ብዙዎቻችሁ የማታውቁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ላይ የሚወጣው ልጅ በሰላም መውረድ አለመውረዱ በአብዛኛው የሚወሰነው ገና በር ላይ ቆመን ዋጋ ስንነጋገር ነው።

ሙያችን ከተራራው የወረደ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት አልቆባት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ባለችበት አቆማት። እንጦጦና የካ ተራራ በዛፉ ተሸፈኑ፤ እንጨት ቆርጦ፣ ፈልጦና ተሸክሞ የሚያድር ሕዝብም አብሮ በዛ። ተራራ ላይ ሲቆረጥ ዛፉ ከሥሩ ተገዝግዞ ሙሉ ለሙሉ ይወድቃል። ቆራጩ ማወቅ ያለበት ተዳፋቱን፣ ነፋሱንና ዛፉ ያዘነበለበትን አቅጣጫ ነው። በሚወድቅበት በኩል አስቀድሞ አፍ ይከፍትለታል፤ ከዚያ ከኋላ ሲቆርጥ መሐል ላይ ጥቂት እንጨት ሳይነካ ይተዋል። ያች የተተወች እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ሆና ዛፉን ወደታሰበለት አቅጣጫ ታወርደዋለች። ቸኩሎ እሷንም የቆረጠ ሰው ዛፉን የሚመራበት ነገር የለውም። ለማምለጫም ወደ ኋላና ወደ ጎን የሚወስድ መንገድ ከመጀመሪያው ምት በፊት መጥረግ አለበት፤ ዛፉ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ መንገድ የሚፈልግ ሰው ቁጥቋጦ ጠልፎ ይጥለዋል።

ከተማው ወደ ተራራው ሲጠጋ ግን ሥራው ተለወጠ። ትናንት የደን ዳር የነበረው ዛሬ ግቢ ነው። ዛፉ እዚያው ቆሞ በዙሪያው ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የግንብ አጥር፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ የጎረቤት የውሃ ሮቶ፣ የመብራት ሽቦ በቀለ። እንዲህ ያለ ዛፍ ከሥሩ አይወድቅም። ሰው ወጥቶ ከጫፉ ጀምሮ እየቆራረጠ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በገመድ አስሮ ማውረድ አለበት። ይህ ሌላ ሙያ ነው፤ ሌላ መሣሪያም ይፈልጋል። የብዙ ልጆች እጅ ላይ ያለው ግን አሁንም የተራራው መሣሪያ ነው፤ መጥረቢያ፣ ገጀራና ትናንት ጭነት ሲታሰርበት የዋለ ገመድ።

አሁን ወደ ዋጋው ልመለስ። በሰፈራችን የተለመደው ውል «እንጨቱን ውሰደው» የሚል ነው። አንዲት እናት በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ገንዘቡስ የለኝም፤ ግንዱም ቅርንጫፉም ያንተ ይሁን» ሲሉ ደግነታቸው ነው፤ በቅንነት ነው የሚናገሩት። ግን አስቡት። ባሕር ዛፍ ገንዘብ የሚያወጣው ርዝመቱ ሳይጎድል ሲወርድ ነው። ቀጥ ያለ ረጅም አጣና ለግንባታ ይሸጣል፤ ተቆራርጦ ከወረደ ግን ከፍልጥ የተለየ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ክፍያው እንጨቱ ከሆነ ልጁ ክንዱ የሚያክል አጭር ቁራጭ እያወረደ በሰላም መሥራት ሲገባው፣ ቁመቱ ሦስትና አራት እጥፍ የሆነ ከባድ ግንድ በአንድ ጊዜ ለመልቀቅ ይገደዳል። ያ ግንድ ሲወርድ ገመዱን ይጎትታል፤ ገመዱ የታሰረበትን ቆሞ የቀረ ግንድ ይወዘውዛል፤ እዚያው ግንድ ላይ ደግሞ ልጁ ታስሯል። ዛፉም ቀልጣፋው ልጅም አላጠፉም፤ ያጠፋው ውሉ ነው። ስለዚህ የምለምናችሁ፦ እንጨቱን ለብቻው ሽጡት ወይም ለማገዶ አስቀሩት፤ የሥራውን ዋጋ ደግሞ በገንዘብ ክፈሉ። ቁራጩ አጭር ይሁን ብላችሁም በአፋችሁ ንገሩን። ባለቤቱ ከተናገረ ማንም ልጅ አይከራከርም።

ሌላው የተለመደ ትእዛዝ «ከግማሹ ቁረጠው» ነው። ጋሼዎቹ ጥላውን ይወዱታል፤ ርዝመቱን ግን ይፈሩታል። ግማሹ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከተቆረጠበት ዙሪያ ብዙ ቀንበጥ ያወጣል፤ ቀንበጡም በጥቂት ዓመት ቅርንጫፍ ይሆናል። ነገር ግን ቅርንጫፉ ከግንዱ ውስጥ ተሰክቶ እንዳደገው የጥንት ቅርንጫፍ አይደለም፤ ከላዩ ተለጥፎ ነው የሚይዘው። ሥሩ ያለው ቁስል ይበሰብሳል፤ ላዩ ይከብዳል፤ በክረምት ነፋስ ከነሥሩ ይገነጠላል። ያኔ የሚጠራው ቆራጭ የሚወጣው ከበፊቱ በባሰ ዛፍ ላይ ነው። ወይ በሥርዓት መልምሉት፣ ወይ ጨርሳችሁ አስቆርጡት።

ልምድ ያለው ቆራጭ ግቢ ሲገባ እንዴት እንደምታውቁት ልንገራችሁ። መጀመሪያ ዛፉን አይነካም። ዞሮ ያየዋል። ሥሩ ላይ እንጉዳይ በቅሎ እንደሆነ፣ ግንዱ ተሰንጥቆ እንደሆነ፣ ላይ ተቆርጦ ሳይወድቅ የተንጠለጠለ ደረቅ ቅርንጫፍ እንዳለ፣ ንብ እንዳለበት ያጣራል። በመጥረቢያው ጀርባ ግንዱን መታ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፤ ባዶ የሆነ ግንድ ድምፁ ይለያል። የተላጠ ቅርፊት ካለ ያራግፈዋል፤ ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን ሲጥል እግር ያንሸራትታል፤ ዝናብ ከነካው ደግሞ ጭራሽ አይረገጥም። ሞተር መጋዝ ይዞ ላይ የሚሠራ ከሆነ በሁለት ቦታ ይታሰራል፤ መጋዙ አንዱን ገመድ በስሕተት ቢያገኘው ሌላው ይይዘዋል። መጋዙን በአንድ እጅ አይይዝም፤ ከትከሻው በላይ አያነሣም። የመጋዙ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ከነካ ከዐይን ጥቅሻ በፈጠነ ወደ ቆራጩ ፊት ይመለሳልና። መሰላል ላይ ቆሞ ሞተር መጋዝ የሚያስነሣ ሰው ካያችሁ፣ እባካችሁ ሥራውን አስቁሙት።

መሬት ላይ የሚቆመው ሰው ረዳት ብቻ አይደለም። ገመዱን የሚይዘው፣ «ልቀቅ»፣ «ጠብቅ» የሚለውን የሚመልሰው፣ ሰው ከሥር እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው። በእኛ አካባቢ ከሁሉ የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ነው። ቅርንጫፍ መሬት እንደነካ ጭራሮና ቅጠል የሚለቅሙ እናቶችና ልጆች ይመጣሉ። ለዛሬ እንጀራ መጋገሪያ የሚሆናቸው እሱ ነውና በጩኸት አይመለሱም፤ መብታቸውም ነው። ከእንጦጦ ጀርባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ልጆች ስለሆንን እናውቀዋለን። የምናደርገው አስቀድመን መነጋገር ነው፤ «እማዬ፣ ቅጠሉ በሙሉ የእናንተ ነው፤ ማንም አይወስድባችሁም፤ ልጁ እስኪወርድ ብቻ እዚያ ጥላ ሥር ቁጭ በሉ።» ድርሻዋ እንደማይነጠቅ ያረጋገጠች እናት ሌላውን ሁሉ ራሷ ትጠብቅልናለች።

የመብራት ነገር ግን ድርድር የለውም። በየመንገዳችን ላይኛው ሽቦ 15 ሺህ ቮልት የሚያልፍበት ሊሆን ይችላል፤ እርጥብ ቅርንጫፍ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ብዙ ጊዜ የምሰማው የሚያስደነግጠኝ ቃል «መብራት ጠፍቷል፤ ሳይመጣ ቶሎ ጨርሱ» የሚለው ነው። የጠፋ መብራት የተቋረጠ መስመር አይደለም። መቼ እንደሚመለስ ላይ ያለው ልጅ አያውቅም፤ ጎረቤት ያስነሣው ጄኔሬተርም በትክክል ካልተገጠመ ወደ መስመሩ ሊመለስ ይችላል። ሽቦ አጠገብ ያለ ዛፍ ሲሆን ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት 905 ደውሉ፤ መስመሩን የሚያቋርጠው፣ ማቋረጡንም የሚያረጋግጠው የእነሱ ባለሙያ ነው። ሁለት ሳምንት ብትጠብቁም ጠብቁ።

ስለ ምሳም ልናገር። እንግዳ ተቀባይነታችን ደስ ይላል፤ ግን ጠላውን ሥራው አልቆ መሣሪያው ከታሰረ በኋላ አቅርቡልን። በጾም ወቅትም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማይቀምሱ ልጆች አሉ፤ በረመዳንም ፀሐይ እስክትጠልቅ የሚጾሙ አሉ። ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ከፍታ ላይ ዐይኑ ይጨልምበታል። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት ዛፍ ላይ የሚወጣበትን ሥራ በማለዳ እንጨርሳለን፤ ከሰዓት መሬት ላይ እንፈልጣለን። «ለምን ዛሬ አትጨርሱትም?» አትበሉን።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያሳይ ያዛል። በር ላይ በቃል ለአንድ ቀን የሚያሠራ ባለቤት ግን ራሱን አሠሪ ነኝ ብሎ አያስብም፤ ልጁም ሠራተኛ ነኝ ብሎ አይጠይቅም። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1998 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለደን ሥራ ብቻ የተዘጋጀ የደኅንነት መመሪያ አውጥቷል፤ ይህ ሥራ በዓለም ሁሉ አደገኛ ከሚባሉት አንዱ ስለሆነ ነው። በእንግሊዝ አገር ዛፍ ላይ ወጥቶ በሞተር መጋዝ የሚቆርጥ ሰው ሲኖር፣ ወጥቶ ሊያወርደው የሚችል የሠለጠነ ሌላ ሰው መሬት ላይ መኖር አለበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ራሱን ስቶ ቀበቶው ላይ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ ወደ እግሩ ወርዶ በደቂቃዎች ሊሞት ይችላል። አምቡላንስ በ907 ብትጠሩ እንኳ ሐኪሙ ዛፍ ላይ አይወጣም። ከእኛ መካከል አንዱ ነው ማውረድ ያለበት።

ስለዚህ ቆራጭ ስትጠሩ ከዋጋው በፊት ጠይቁ፤ ስንት ሆናችሁ ትመጣላችሁ? ላይ ያለው ቢጎዳ ማን ያወርደዋል? ሄልሜትና ቀበቶ አላችሁ? ብቻውን የሚመጣ ሰው ርካሽ ቢሆንም መልሱት። ሁለት ሰው፣ ደህና ገመድና አንድ ሙሉ ቀን የሚጠይቀው ዋጋ ከፍ ይላል፤ ያ ልዩነት የልጁ ዕድሜ ነው።

ሌላም የምጠይቀው አለ። የደን ምርምር ሥራ ለረጅም ዓመታት ሲሠራ የኖረው እዚሁ ጉርድ ሾላ ነው። ዛፍ እንዴት እንደሚተከል፣ ምን ያህል እንደሚያድግ፣ እንጨቱ ለምን እንደሚውል የሚያውቁ ባለሙያዎች ጎረቤቶቻችን ናቸው። የወንዶ ገነት ኮሌጅም የደን ባለሙያ ሲያወጣ ቆይቷል። ከእነሱ አንዱ፣ ከክፍለ ከተማው ወይም ከአንድ የቴክኒክና ሙያ ተቋም ጋር ሆኖ፣ ለእኛ ለግቢ ዛፍ ቆራጮች አጭር ሥልጠና ቢከፍት፦ ቋጠሮ፣ የገመድ ምርመራ፣ የሞተር መጋዝ አያያዝ፣ ሰው ከዛፍ ማውረድ፣ ደም ማቆም። ክፍያ ካለው እናዋጣለን። ቅዳሜም እሑድም ቢሆን እንመጣለን። ይህን የምታነቡ፣ እዚያ የምትሠሩ ወይም የምታውቁት ሰው ያላችሁ፣ እባካችሁ አገናኙን፤ ከክረምቱ በፊት ቢሆን ደግሞ ደስ ይለናል፤ በክረምት ማንም ዛፍ ላይ መማር የለበትም።