አንድ ከረጢት ኖራ

ወዳጄ፣ አቦሉን ጠጥተናል፤ ቶናው እስኪፈላ ጊዜ አለን። ሰሞኑን ልቤን የያዘው ነገር ምን መሰለህ? የልጄ ደብተር ነው። «የኖራ ውሃ ሙከራ» የሚል ርእስ ጽፋ ከሥሩ ባዶ ትታዋለች። «ለምን አልጨረስሽውም?» ብላት «ትምህርት ቤታችን ኬሚካል የለማ!» አለችኝ። ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ኖራ አጥተን? በዚህ አገር?

እስቲ ልጠይቅህ፤ ኬሚካል ሲባል ምን ይታይሃል? በባሕር ማዶ ፊደል የተጻፈበት ቡናማ ጠርሙስ፣ አይደል? በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው። ኖራ ውስጥ ያለው ካልሲየም በምድራችን ቅርፊት ውስጥ በብዛቱ አምስተኛው ንጥረ ነገር ነው። አጥንትህ ውስጥ አለ፤ ለቁርስ የሰበርከው እንቁላል ቅርፊት ውስጥም አለ።

የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስታቋርጥ በመስኮት አይተህ ታውቃለህ? ያ ደረጃ በደረጃ የተነባበረው ገደል በከፊል የኖራ ድንጋይ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ጀሶ የሚሆነው ድንጋይ ተኝቷል። ያ ሁሉ በጥንት ዘመን ባሕር የነበረ ምድር ነው። ባሌ ያለው የሶፍ ዑመር ዋሻስ? የወይብ ወንዝ የኖራውን ድንጋይ እያሟሟ፣ እየቦረቦረ ያነጸው አዳራሽ ነው። አንድ ቀን አብረን እንሄዳለን። ለጊዜው ወደ ኖራችን እንመለስ።

የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል ውስጡ የታሰረው ጋዝ ይለቀቃል። ድንጋዩ ንጹሕ ከሆነ ከ100 ኪሎው 44ቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄድና 56 ኪሎ ይቀራል። የቀረው ነጭ ድንጋይ ውሃ ሲነካው እሳት ሳይኖር ይንተከተካል፤ ይፈረካከስና ዱቄት ይሆናል። ግንባታ ዕቃ መሸጫ ሄደህ «ኖራ» ስትል በከረጢት የሚሰጡህ ብዙውን ጊዜ ይህን ውሃ የጠጣውን ዱቄት ነው። ስሙ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ የልጄ መጽሐፍ የሚፈልገውም እሱኑ ነው።

ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ገበሬው አሲዳማ መሬቱን ለማከም የሚበትነውም «ኖራ» ይባላል። እሱ ግን ሳይቃጠል የተፈጨ ድንጋይ ነው፤ ለእርሻው መድኃኒት ነው፣ ለዚህ ሙከራ ግን አይሆንም። ታዲያ በምን ትለያቸዋለህ? ጓዳ ግባና አቼቶ አምጣ። ቆንጠር ካደረግከው ዱቄት ላይ ጠብ አድርግበት። ቡልቅ ቡልቅ እያለ አረፋ ከደፈቀ ድንጋዩ ነው። ሻጩ «ኖራ ነው» እያለህ አረፋ የሚደፍቅ ከሆነም ከረጢቱ ተከፍቶ የከረመ መሆኑን ጠርጥር፤ ኖራ ከአየር ያንኑ ጋዝ መልሶ እየሳበ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳልና። ስለዚህ ገዝተህ ስትገባ አፉን ጥብቅ አድርገህ ዝጋ።

አቼቶው ከእጅህ ሳይወጣ ጠመኔም ፈትንበት። የሚፈላ ጠመኔ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ዝም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ጀሶ ነው። አቼቶም ጀሶም ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት መሆናቸውን ልብ ብለሃል? ጀሶን ክንዱ ተሰብሮ የታሰረለት ሁሉ ያውቀዋል። ድንጋዩን 150 ዲግሪ ገደማ ሲያሞቁት የያዘውን ውሃ አብዛኛውን ይለቃል፤ ዱቄቱን በውሃ ስታቦካው የተወሰደበትን ውሃ መልሶ ይጠጣና ይጠነክራል። ያኔ ክንድህ ላይ ሞቅ ያለህ ይህ ነው።

ካርቦኔቱን በብዛት ብትፈልግስ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንል የለ? እዚህ ግን የሚጠቅመን ቅርፊቱ ነው። ከመቶ 95 እጅ የሚሆነው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ኬክ ቤቶች በየቀኑ የሚጥሉትን ለምነህ ውሰድ፤ ቀቅለህ እጠበው፣ ፀሐይ ላይ አስጣውና በሙቀጫ ውቀጠው። እብነ በረድ የሚቆርጡ ሠራተኞችም ስብርባሪውን አይከለክሉህም። ሚኒሶታ የሚኖር ወገናችን ደግሞ ሌላ የካልሲየም ምንጭ አለው፤ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ ደጃፍ ላይ ከሚበተኑት ጨዎች አንዱ ካልሲየም ክሎራይድ ነው። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን አንብቦ ይግዛ፤ ተራው ጨውም ለዚያው ሥራ ይሸጣልና።

ቶናው ደረሰ፤ እንካ። አንድ ነገር ግን ሳልነግርህ አላልፍም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ኖራን በችኮላ አትንካው። ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት ሳታደርግ ከረጢቱን አትፍታ። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ሳታቋርጥ እያጠብክ ሐኪም ዘንድ ሩጥ። ውሃ ያልነካውን የተቃጠለ ድንጋይ ደግሞ ከነጭራሹ ቤትህ አታስገባው።

አሁን ስሌቱን ስማኝ። 1 ሊትር ውሃ የሚያሟሟው ኖራ 2 ግራም እንኳ አይሞላም። አንድ ማንኪያ ጠርሙስ ውስጥ ጨምረህ በውሃ ትመታዋለህ፤ አሳድረህ ጠዋት ከላይ የጠለለውን ቀስ ብለህ ትቀዳለህ። በቃ፣ የኖራ ውሃ ማለት ይኸው ነው። አንድ ኪሎ ኖራ ከ500 ሊትር በላይ ያወጣል! ታዲያ ሙሉ ከረጢት ለአንድ ቤት ምን ይሠራል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እኔ ከረጢቱን ገዛሁ፤ የእኛን ድርሻ አስቀርቼ፣ ሌላውን ክዳን ባለው ዕቃ በኪሎ በኪሎ እያሸግኩ፣ ስሙንና ጥንቃቄውን ጽፌበት፣ በሰፈራችን ላሉ የሳይንስ መምህራን አደልኩ።

ማታ ልጄ በቀሰም የኖራውን ውሃ እፍ አለችበት። «ወደ ውጪ ብቻ፣ እንዳትስቢ!» እያልኩ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ኩልል ያለው ውሃ ወተት መሰለ። ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ጆሴፍ ብላክ በ1750ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ከትንፋሽም፣ እየፈላ ካለ መጠጥም የሚወጣው ጋዝ ከድንጋዩ የሚወጣው ያው ጋዝ ነው። የጠላ ጋናችንም ከፈተንነው ይመሰክራል።

«አባዬ፣ ነጩ ምንድነው?» አለችኝ። ድንጋይ ነው አልኳት። የጎንደር ግንበኞች በ17ኛው ክፍለ ዘመን በግንቡ ድንጋዮች መካከል የጨመሩት ኖራም እንዲሁ ከአየሩ ጋዝ እየጠጣ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነቱ ተመልሷል፤ ድንጋይን ከድንጋይ አያይዞ እስከ ዛሬ ያቆመው እሱ ነው። ልጄ ብርጭቆውን ብርሃን ላይ ከፍ አድርጋ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ደብተሯን ከፈተችና ባዶውን ገጽ መጻፍ ጀመረች።