የዓመቱ አልበሞቻችንና ስድስተኛው ድምፅ

ውድ የዓሊ አዴና የሆልሆል ወገኖቻችን፣ የምንጽፍላችሁ ከጅቡቲ ከተማ፣ ከባልባላ ሠፈር ነው።

አዘጋጆቹ ባለፈው ጊዜ «ከከተማ ጽሑፍ ላኩ፤ ነገር ግን የቤት ኪራይ እሮሮ ብቻ እንዳይሆን» ብለው ልከውብን ነበር። እውነታቸውን ነው። ስለ ኪራይ እንጻፍ ካልንማ ወረቀቱም አይበቃን። ስለዚህ ተመካክረን፣ በጳጉሜን አንድ ማታ እስከ እኩለ ሌሊት የተከራከርንበትን ጉዳይ ልንጽፍላችሁ ወሰንን። ክርክሩ የተነሣው ከሙዚቃ ነው።

በአንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ሆነን እንኖር ነበር። ጋሼ ድሬዳዋ ያደጉ ሽማግሌ ናቸው። እትዬ ማለዳ ተነሥተው ሻይ አፍልተው ይሸጣሉ። አንዱ ወንድማችን ሥራ በተገኘ ቀን ወደብ ሄዶ ይሸከማል። እኅታችን በአንድ የአገሬው ቤተሰብ ዘንድ ተቀጥራ ትሠራለች፤ ሶማልኛውን ከኛ ሁሉ አስቀድማ ለምዳዋለች። አንዳችን ይህን ብዕር የያዝነው ነን። ስድስተኛው ታናሻችን ነው፤ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም። ስልኩም፣ ትንሿ ድምፅ ማጉያም፣ በሜሞሪ ካርዱ ላይ ያለው ዘፈን ሁሉ የእሱ ነበር። ከስልክ ቤቶች አንዳንዴ ከፍሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለምኖ፣ ያስገለብጣል።

ዘፈን ስንሰማ የኖርነው አንድ አንዱን እየነጠልን ነበር። አንዱ ሳያልቅ ሌላው «ይህን እለፈው» ይላል። ጋሼ ይህ ነገር ሰለቻቸውና አንድ ቀን «መጽሐፍ ከመካከሉ ገጽ ቀዶ የሚያነብ ሰው አይቼ አላውቅም» ብለው ሕግ አወጡ። በየሳምንቱ ዓርብ ማታ አንድ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሰማል፤ የሚታለፍ ዘፈን የለም፤ ወሬም የለም። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው አንድ ድምፅ ይሰጣል።

«የዓመቱ» ስንል ግን እንዳትሳሳቱብን። አልበሞቹ ዘንድሮ የወጡ አይደሉም። በሌላው ዓለም ያለ ሙዚቃ ወዳድ ዓመቱን የሚቆጥረው አልበሙ ገበያ ላይ ከዋለበት ቀን ነው። እኛ የምንቆጥረው ደግሞ እጃችን ከገባበት ቀን ነው። ደብዳቤም ሆነ ዘፈን፣ ለኛ አዲስ የሚሆነው በደረሰ ዕለት እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ። የአልበሞቹን ዘመን የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከሰማናቸው መካከል ድምፅ ያገኙት አራት ናቸው።

አንደኛው ጃኖ የተባለው ባንድ በ2012 ያወጣው «ኤርታሌ» ነው። ያዘጋጀው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ሙዚቃው ሮክ ነው፤ ጊታሩ ይጮኻል፣ ድራሙ ይነጉዳል። ዜማው ግን የኛው ነው፤ ጆሮ ወዲያው ይለየዋል። ስሙም ደስ አሰኝቶናል። ጃኖ ቀይ ጥለት ያለው የአያቶቻችን የክብር ልብስ ነው፤ ኤርታሌ ደግሞ በአፋር ምድር ያለው እሳተ ገሞራ። አፋሮች እዚህ ጅቡቲም አሉና፣ የአልበሙ ስም ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይሆንበትም። እትዬ መጀመሪያ ሲሰሙት «ምነው ልጄ፣ ድስት ነው እንዴ የሚወድቀው?» አሉ። ታናሻችን ሳቀና ድምፁን ጨመረው። የወደቡ ወንድማችን ግን ሕጉን ጥሶ ተናገረ፤ «ቀኑን ሙሉ ጆንያ ተሸክሜ ስመለስ መጮኽ ያምረኛል፤ ጎረቤት ይታዘበኛል ብዬ እተወዋለሁ። ይኸው እነሱ ጮኹልኝ» አለ። ታናሻችንም በዚያው ማታ «የኔን ድምፅ ከአሁኑ ያዙልኝ፤ ኤርታሌ ነው» አለን። ዓመቱ ገና መጀመሩ ነበር።

ሁለተኛው የዚሁ የጅቡቲ ከተማ ሥራ ነው። ግሩፕ ኤር ቴ ዴ በ2020 ያወጣው አልበም ሲሆን፣ ስሙ በእኛ ቋንቋ «የጅቡቲ ጨፋሪ ሰይጣኖች» እንደ ማለት ነው። ባንዱ የአገሪቱ ብሔራዊ ሬዲዮ ባንድ ነው። በመንግሥት በዓልና በእንግዳ አቀባበል ላይ የሚጫወቱት ሰዎች ከዚያ ውጭ የሚጫወቱትን የራሳቸውን ሙዚቃ ነው የቀዱት፤ የተቀዳውም በሬዲዮው ስቱዲዮ ውስጥ በሦስት ቀን ነው። ስናዳምጠው የጃማይካ ሬጌ፣ የሕንድ ፊልም ዘፈን፣ የአሜሪካ ጃዝ ሳክስፎንና የሶማሌ ዜማ አንድ ላይ ይሰማል። ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወደቡን ማየት ይበቃል፤ ከየባሕሩ የመጣው ሁሉ የሚራገፈው እዚያ ነው። እኅታችን ግጥሙን እየተረጎመች ነገረችን። በዚህ ከተማ ስንት ዓመት ኖረን፣ ጎረቤቶቻችን ሲናፍቁ ምን ብለው እንደሚዘፍኑ ያወቅነው ያን ዕለት መሆኑ አሳፈረን። የእነሱ ልጆች ግን የጥላሁንን ዘፈን ቃል በቃል ሲያዜሙ ሰምተናል። የእኅታችን ድምፅ ለዚህ አልበም ሆነ።

ሦስተኛው የኃይሉ መርጊያ «የኔ ምርጫ» ነው፤ በ2020 የወጣ። አቶ ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበሩ። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ሲሄድ አብረው ሄደው እዚያው ቀሩ። በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዱ። ኪቦርዳቸውን በመኪናው ዕቃ መጫኛ ይዘው እየዞሩ፣ አውሮፕላን ጣቢያ ተሳፋሪ ሲጠብቁ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። በ1985 ብቻቸውን ሆነው የቀዱትን አንድ ካሴት ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር አገኘው፤ በ2013 እንደገና አሳተመው። ከዚያ ወዲህ ነው ሽማግሌው ወደ መድረክ የተመለሱት።

በአልበሙ ላይ ስድስት ሙዚቃዎች አሉ። የመጨረሻው «ሸመንደፈር» ነው፤ ከቴዲ አፍሮ ዘፈን የተወሰደ። ይህ ሲጀምር ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ የባቡር ሐዲድ ስም ነው። ሐዲዱ ከዚህ ከጅቡቲ በ1897 ተጀምሮ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ጋሼ በልጅነታቸው በባቡሩ ፉጨት ሰዓት ይለዩ ነበር። ዛሬ በአዲሱ መሥመር ላይ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ከናጋድ ጣቢያ ይነሣል፤ ሥራውን የጀመረው በ2018 ነው። ጋሼ ሲያልፍ አይተውታል። «ለመሳፈሪያው ቲኬት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለምኜም እገዛው ነበር» ብለው ዝም አሉ። ድምፃቸውን ለማን እንደሰጡ መንገር አያስፈልግም።

አራተኛው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ «ሱቬኒርስ» ነው። ይህን ያመጣው ታናሻችን ነው። እትዬ በሮኩ ጩኸት ስላማረሩ፣ «ለእርስዎ የሚሆን ቀስ ያለ ነገር አገኘሁ» ብሎ አስገለበጠላቸው። እማሆይ ጽጌ ማርያም በልጅነታቸው፣ በ1937፣ ከቤተሰባቸው ጋር በጣሊያን ተግዘው በአሲናራ ደሴት ታስረዋል። በኋላ መነኮሱ። ይህ አልበም በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ቤት ውስጥ ፒያኖ እየመቱ፣ በተራ ካሴት መቅጃ ብቻቸውን የዘፈኑትን የያዘ ነው። ከመስኮቱ ውጭ ያሉት ወፎች ሳይቀሩ ይሰማሉ። ዘፈኖቹ ስለ አገርና ስለ መለየት ናቸው። በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ እዚያው በ2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። አልበሙ የታተመው ካረፉ በኋላ በ2024 ነው። እትዬ ሲሰሙት «እኚህ እናት እንዲሰማላቸው ብለው አይደለም የዘፈኑት። ቤት እየጠረገ የሚያንጎራጉር ሰው ይመስላሉ» አሉ።

አንድ ነገር እንጨምር። ከነዚህ መካከል የግሩፕ ኤር ቴ ዴን፣ የአቶ ኃይሉንና የእማሆይን አልበሞች ለዓለም ያደረሱት ትልልቅ ኩባንያዎች አይደሉም፤ ጥቂት ሰዎች የሚሠሩባቸው ትናንሽ አሳታሚዎች ናቸው። በእጅ እየተገለበጠ ከድንኳን ወደ ድንኳን ለሚዞር ጽሑፍ ይህ ጥሩ ዜና ነው።

የእማሆይን አልበም በሰማንበት ዓርብ ግን አምስት ብቻ ነበርን። ታናሻችን በሰኔ፣ ኸምሲኑ መንፈስ ሲጀምር፣ ወደ ኦቦክ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለመንነው፣ ተቆጣነው፤ ጋሼ እግሩ ላይ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። አልሰማንም። ስልኩን ይዞ፣ ካርዱን ግን አውጥቶ ለእትዬ ሰጣቸው። «ባሕሩ ያበላሽብኛል፤ እስክጠይቃችሁ አስቀምጡልኝ» አለ።

እንግዲህ ጳጉሜን ደረሰና ድምፅ ለመስጠት ተቀመጥን። እትዬና ብዕር ያዡ እማሆይን አልን። ጋሼ «የኔ ምርጫ» አሉ፤ እኅታችን የጅቡቲዎቹን፤ የወደቡ ወንድማችን ኤርታሌን። በዚህ ከሆነ እማሆይ በሁለት ድምፅ አንደኛ ናቸው። ወንድማችን ግን «የልጁስ?» አለ።

እዚህ ላይ ጥፋታችንን እንናዘዛለን። «የሌለ ሰው ድምፅ አይቆጠርም፤ በዕድርም በማኅበርም ሕጉ ይኸው ነው» ያልነው ብዕር የያዝነው ነን። የፈለግነው እማሆይ እንዲያሸንፉ ብቻ ነበር። ቃሉ ከአፋችን ከወጣ በኋላ ግን ምን እንዳልን ገባን። ማንም አልተናገረም። እኅታችን ተነሥታ ወደ ውጭ ወጣች። ወንድማችን ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ። ከሰኔ ጀምሮ አንድም ቃል አልደረሰንም ነበርና፣ ሁላችንም በየልባችን የያዝነውን ነገር ነው ያወጣነው።

ብዙ ቆይቶ እትዬ ሻዩን እየቀዱ ተናገሩ። «የሌለ ያልከው ማንን ነው? ልጁ የለም ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ወሬው አልደረሰም፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም። የዚያ የባሕር ዳሩ ካሴት ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው አላላችሁም? ያኔ ጠፋ ብሎ የቀበረው ሰው ቢኖር ዛሬ ምን ይለዋል? በሉ ቁጠሩት።» ሴትዮዋ የሚወዱት አልበም ብቻውን አንደኛ እንዳይሆን የሚያደርገውን ድምፅ ነው ቁጠሩ የሚሉት።

ቆጠርነው። በዚህም መሠረት የዘንድሮው አንደኛ ሁለት ሆኗል፦ «ኤርታሌ» ሁለት ድምፅ፣ «ሱቬኒርስ» ሁለት ድምፅ። «የኔ ምርጫ» እና የግሩፕ ኤር ቴ ዴ አልበም አንዳንድ ድምፅ አግኝተው ተከታይ ናቸው። ድምፅ ሰጪ፦ ስድስት።

ካርዱ በእትዬ ሻንጣ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ዓርብ ዓርብ በወንድማችን ስልክ ላይ እናደርገውና ሰምተን እንመልሰዋለን። ከናንተ ወደ ከተማ የሚመጣ ሰው ቢኖር እናሰማዋለን፤ ሕጋችንን ማክበር ግን ግድ ነው።

በመጨረሻ ልመና አለን። የልጁን ስም እዚህ አንጽፍም። የዓሊ አዴ ሰዎች ግን ታውቁታላችሁ፤ በውሃ ወረፋ ላይ ቆሞ ያፏጭ የነበረው ቀጭኑ ልጅ ነው። ከኦቦክም ሆነ ከባሕሩ ማዶ ስለ እሱ የሰማችሁት ነገር ካለ፣ ክፉም ቢሆን ደግም ቢሆን፣ በሚመጣ ሰው ላኩብን። ወሬው ለእሱ የሚደርስበት መንገድ ካላችሁ ደግሞ፣ ድምፁ መቆጠሩን ንገሩልን።

ከባልባላ፣ አክባሪዎቻችሁ።