«እትዬ፣ ኮሌጅ ተቀበለኝ»

ሰንበት ከሰዓት በኋላ ነበር። የወጣቶች ፕሮግራም አልቆ አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ ቦታቸው ስንመልስ ልጅቱ ስልኳን ይዛ ወደ እኔ መጣች። «እትዬ፣ ኮሌጅ ተቀበለኝ» አለችኝ። የዚያን ዕለት ፊቷን አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ስሟን አልጽፍም። የአጅባር ልጆች ያውቋታል፤ ሌሎቻችሁ ስሟን ባታውቁት ነገሩ አይጎድልባችሁም። ያን ጊዜ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። መዝሙር ላይ ከኋላ ረድፍ ቆማ ድምፅዋ ብዙም አይሰማም፤ ሜዳ ላይ ግን ሌላ ሰው ናት። በኮንጎ ጫማ ከወንዶች ልጆች ጋር ስትጫወት ቆሜ አይቻለሁ። ተከላካይ ናት። ኳስ ስትነጥቅ ዝም ብላ ነው፤ የተነጠቀው ልጅ ጥቂት እርምጃ ከሮጠ በኋላ ነው ኳሱ እግሩ ሥር አለመኖሩን የሚያውቀው።

ስልኳ ላይ የነበረው በቴሌግራም የመጣ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ነው። ዓርማ አለው፣ ማኅተም አለው፣ የአንድ አነስተኛ የአሜሪካ ኮሌጅ ስም በትልቁ ተጽፎበታል። የላከላት ሰው በአማርኛ የሚጽፍ፣ ራሱን «ወኪል» ብሎ የሚጠራ ነው። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ልካለት፣ በሳምንቱ ኮሌጁ «ሙሉ የእግር ኳስ ስኮላርሺፕ» እንደ ሰጣት ነገራት። የቀረው የፋይል መክፈቻ ብቻ ነው፤ 18,000 ብር።

እኔ ዲግሪ አለኝ፤ እንግሊዝኛ አነባለሁ። የደብዳቤውን የመጀመሪያ ሦስት መስመሮች አነበብኩና አቀፍኳት።

ለምን እንዲህ በቀላሉ አመንን? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። አንደኛው ነገር ፈተናው ነው። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በክልላችን ደግሞ በጸጥታው ምክንያት ትምህርታቸው የተቋረጠ ልጆች ብዙ ናቸው። በእኛ አገር ዩኒቨርሲቲ ልጅ የሚመደበው በዚህ ፈተና ነው፤ መካነ ሰላም ያለው የመቅደላ አምባ ካምፓስ ቅርባችን ቢሆንም «ጥሩ ተከላካይ ናት» ተብሎ በሩ አይከፈትላትም። ኳስን የመማሪያ መንገድ የሚያደርግ አገር አለ ሲባል እንግዲህ ልብ ይከተላል።

ሁለተኛው ነገር ያሳፍረኛል። እኛ ወሎዎች ደላላን እናውቃለን። የልጅቱ ታላቅ እህት ዐረብ አገር ናት። በወጣቶች ፕሮግራም ላይ ስለ ሕገ ወጥ ስደት ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ «በቅድሚያ ብር የሚጠይቅ፣ ፊቱን የማያሳይ፣ ቶሎ ቶሎ የሚል ሰው ከመጣ ተጠንቀቁ» ብዬ በጥቁር ሰሌዳ ጽፌያለሁ። ይኸኛው ሰው ሦስቱንም ነበር። ግን «ቤሩት» ወይም «ሪያድ» ሳይሆን «ኮሌጅ» ስላለ ደላላ መሆኑ አልታየኝም።

እናቷ ዘንድ አብረን ሄድን። ማንበብ አይችሉም። ደብዳቤውን በስልኩ ላይ ትክ ብለው አዩትና፣ «አንቺ አንብበሽዋል?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሁለት በጎች ሸጡ፤ የቀረውን የወጣቶች ኅብረት አዋጣ። እኔ ደግሞ በእሑድ አምልኮ መካከል ተነሥቼ ነገሩን እንደ ምስክርነት አቀረብኩት። ምእመናን አጨበጨቡ። ከልጅቱ ይልቅ እኔ እንዳማረብኝ የገባኝ ኋላ ነው።

ብሩ በገባ በአሥረኛው ቀን ሁለተኛ ጥያቄ መጣ፤ ለቪዛ ማስፈጸሚያ 45,000 ብር፣ በሦስት ቀን ውስጥ። ያን ሌሊት ደብዳቤውን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ታች ላይ የኮሌጁ ስም ሁለት ዓይነት ፊደል ተጽፏል። ኮሌጁን በኢንተርኔት ፈለግሁት፤ አለ፤ እውነተኛ ኮሌጅ ነው፤ የሴቶች ቡድንም አለው። ነገር ግን የሚጫወተው በአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር በኤንሲኤኤ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ነው።

ይህን ልብ በሉልኝ፤ ከእናንተ መካከል ተመሳሳይ መልእክት ስልኩ ላይ ያለ ይኖራልና። በሦስተኛው ዲቪዚዮን ከ400 በላይ ኮሌጆች አሉ፤ አብዛኞቹም አነስተኛ ናቸው። በደንባቸው መሠረት ስፖርተኛ ስለሆንሽ ብለው አንዲት ዶላር ስኮላርሺፕ አይሰጡም። በትምህርት ውጤት ወይም በቤተሰብ ችግር የሚሰጥ እርዳታ አላቸው፤ ለኳስ ግን የለም። በሁለተኛው ዲቪዚዮን ይሰጣል፤ ለአንድ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን የተፈቀደው 9.9 ስኮላርሺፕ ነው፤ አሰልጣኙ እሱን ከሃያ ለሚበልጡ ልጆች ይከፋፍለዋል። ስለዚህ አብዛኛዋ ተጫዋች የምታገኘው ግማሽ፣ ሩብ፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ነው። (ይህን ኋላ ለልጅቱ ሳስረዳት «ነጥብ ዘጠኟ ልጅ ማን ናት?» ብላ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች።) «ሙሉ የእግር ኳስ ስኮላርሺፕ» ከሦስተኛ ዲቪዚዮን ኮሌጅ ማለት እንግዲህ ከደረቅ ወንዝ የተጠመደ ዓሣ ነው።

የቡድኑን አሰልጣኝ አድራሻ ከኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ አግኝቼ ጻፍኩላት። በሁለተኛው ቀን መለሰችልኝ። ደብዳቤውን አታውቀውም፤ ወኪል ተብዬውንም አታውቀውም፤ ስለ ደረሰብን አዝናለች። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጨመረች፦ ልጅቱ በእውነት የምትጫወት ከሆነ የሙሉ ጨዋታ ቪዲዮ፣ የትምህርት ውጤቷንና የእንግሊዝኛ ደረጃዋን እንድንልክላት፤ ለመጫወት ተከፍሏት የሚያውቅ ከሆነም እንድንነግራት። ምንም ቃል አልገባችም። የኮሌጁ የዓመት ክፍያ ከ50,000 ዶላር በላይ እንደ ሆነና እርዳታው ሁሉንም እንደማይሸፍንም አልደበቀችም።

ያንን መልስ ሳነብ አንድ ነገር ገረመኝ። አታላዩ የጠየቀን ብር ብቻ ነበር። እውነተኛዋ አሰልጣኝ የጠየቀችን ብዙ ነገር ነው፤ ብር ግን የለበትም።

ለወኪሉ «ከኮሌጁ ጋር ተነጋግረናል» ብለን ስንጽፍለት አካውንቱ ጠፋ። ለፖሊስ አመለከትን፤ ቃላችንን ተቀበሉን፤ እስካሁን የተመለሰ ነገር የለም።

ለእናትየው መንገሩ ግን የእኔ ድርሻ ነበር። ቁጭ ብዬ፣ «ያን ቀን አንብቤዋለሁ ያልኩት ውሸት ነው፤ ያነበብኩት ሦስት መስመር ነው» አልኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው እንዝርታቸውን አሾሩ። የበጎቹን ዋጋ በየወሩ ከደመወዜ እከፍላለሁ ስላቸው እምቢም እሺም አላሉኝም። በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ተነሣሁ፤ ባጨበጨቡት ሰዎች ፊት የሆነውን ተናገርኩ። ያን ቀን ማንም አላጨበጨበም፤ ደግነቱ ማንም አልተቆጣም። አንድ አረጋዊ ሽማግሌያችን ብቻ በር ላይ ያዙኝና፣ «ሳሙኤል ወደ እሴይ ቤት ሲሄድ ጊደሩን የነዳው እሱ ነው፤ ዘይቱንም ከራሱ ቀንድ ነው ያፈሰሰው። የእናንተው ሳሙኤል ግን በግ አስነዳ» አሉኝ። እኚህ ሰው ሴት ልጅ ቁምጣ ለብሳ ኳስ መጫወቷን ሲቃወሙ የኖሩ ናቸው። ስለ ቁምጣው የዚያን ቀን ምንም አላነሡም፤ እኔም አላስታወስኳቸውም።

ልጅቱ ሦስት ሳምንት ሜዳ አልወጣችም። ደብተሯ ሽፋን ላይ የለጠፈችውን የናኦሚ ግርማን ፎቶ ልጣው አየሁ። ናኦሚን የማታውቁ ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደች ተከላካይ ናት። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተጫውታ በ2019 ቡድኗ የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2022 ወደ ሙያው ሊግ በመጀመሪያ ተመራጭነት ገባች፤ በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ የወርቅ ሜዳልያ አገኘች፤ በጥር 2025 ቼልሲ ሲወስዳት ዝውውሯ በሴቶች እግር ኳስ ታሪክ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የተከፈለበት የመጀመሪያው ሆነ። ልጃችን ይህን ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች። እኔ የነገርኳት እሷ ያለፈችውን ክፍል ነው። ናኦሚ ኳስ የጀመረችው አባቷ ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ወላጆች ጋር ልጆቻቸው ተሰብስበው እንዲጫወቱ ባቋቋሙት «ማለዳ» በሚባል የሰፈር ክለብ ነው። ስታንፎርድ የመጣው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው።

የሎዛ አበራንም መንገድ አብረን ቆጠርነው፤ እሷ ለእኛ ትቀርባለች። ከዱራሜ ተነሥታ በአገር ውስጥ ክለቦች ተጫወተች፤ ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ ተሰለፈች፤ ተመልሳ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተጫወተች፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የዋሽንግተኑ ዲሲ ፓወር ወሰዳት። ኮሌጅ በዚህ መንገድ ውስጥ የለም። በእኛ አገር ምልመላ ማለት በትምህርት ቤትና በወረዳ ውድድር መታየት፣ ከዚያ ዞን፣ ከዚያ ክልል፣ ዕድል ከቀናም የአንድ ክለብ ሙከራ ነው። አጅባር ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው እያንዳንዱ ደረጃ የአውቶቡስ ዋጋና ማደሪያ የሚጠይቅ ሩቅ ነገር ነው፤ መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። መልማይ ሳይንትን ሊያይ ዳገት አይወጣም። ሆኖም በዚህኛው መንገድ ላይ ቢያንስ የሚያይሽ ሰው ዓይን አለው።

በሁለቱም በኩል እንሞክር ብላ የወሰነችው እሷ ናት። ለአሰልጣኟ ስንጽፍ አንድ ነገር አስጨነቃት። ከሁለት ዓመት በፊት በወረዳ የበዓል ውድድር ላይ ቡድኗ ሲያሸንፍ ለእያንዳንዳቸው 300 ብር ተሰጥቷቸው ነበር። «እትዬ፣ ይኼ እንደ ክፍያ ይቆጠራል?» ብላ ሌሊቱን ሳትተኛ አድራ መጣች። እኔም አላወቅሁም። እንደ ሆነው ጻፍነው፤ 300 ብር ስንት ዶላር እንደ ሆነም አስልተን ጨመርን።

ቪዲዮውን የቀረጽነው በጥር ወር የ12ኛና የ11ኛ ክፍል ሴቶች ሲጋጠሙ ነው። እሷ ያን ጊዜ 12ኛ ገብታለች። ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ዳር ካብ ላይ ወጥቼ በሁለት እጄ ስልኬን ያዝኩ። የአጅባር ነፋስ በጥር ጣት ያደነዝዛል። ታኬታ የተበደረችው ከአንድ ወንድ ተማሪ ስለ ነበር ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቃበታለች። በሃያኛው ደቂቃ ገደማ ሊመጣባት የነበረ ኳስ ነጥሮ አለፋት፤ ዞራ ስትሮጥ ተንሸራተተች፤ የ11ኛዋ ልጅ ብቻዋን ሄዳ አገባች። ሜዳው በጩኸት ተሞላ። በእረፍት ወደ እኔ መጣች።

«ይህን ክፍል እንቆርጠዋለን፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ብቻ እንልካለን» አልኳት።

ትንፋሿ አልተመለሰም። «አይቁረጡት፣ እትዬ። ሙሉ ጨዋታ አይደል ያለችው?» አለችኝና ውኃ ፍለጋ ሄደች።

ባትሪው 31 በመቶ ቀርቶታል። ከወጣቶቻችን አንዱ ፓወር ባንክ ሊያመጣ ወደ ከተማ ሮጠ። እናቷ ከካቡ ሥር ነፋሱን ተከልለው ተቀምጠው ሱፍ ይፈትሉ ነበር፤ ልጃቸው ስትጫወት ሲያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ቀና ብለው አዩኝ።

«መልስ ሲመጣ» አሉኝ፣ «እስከ ታች ድረስ አንብቢልኝ።»