መለየትና መጣል

በዚህ ዐምድ ስለ አንዲት ድመት እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ነገር ግን ባለፈው ክረምት በላሊበላ ቤታችን በሻሼ ምክንያት ስለ ራሴ የተማርሁት ነገር ስላለ ከእናንተ ልሰውረው አልወደድሁም።

ሻሼ ግራጫ ሴት ድመት ናት። ያሳደጋት በከተማችን ያስተምር የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ነው። ወደ አገሩ ይዟት ሊሄድ አስቦ አዲስ አበባ ላይ ደሟን ቢያስመረምር፥ ፊላይን ሉኬሚያ የተባለው የድመቶች ቫይረስ ተገኘባት። ከሳምንታት በኋላ ምርመራው ሲደገምም ውጤቱ አልተለወጠም። በአገሩ ቤት ሌሎች ድመቶች ነበሩትና ሊወስዳት አልቻለም። ባለፈው ሰኔ እኔ ለዕረፍት ስመለስ፥ ስለ በሽታው የሚያውቀውን ሁሉ ነግሮ ለእኔ ሰጥቶኝ ሄደ።

ይህን ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1964 ያገኙት በስኮትላንድ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ጃሬትና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ከኤች.አይ.ቪ ጋር በአንድ ሰፊ የቫይረሶች ቤተሰብ ይመደባል፤ ይሁን እንጂ ወደ ሰውም ወደ ውሻም አይተላለፍም። ከድመት ወደ ድመት የሚሻገረው ከሁሉ በላይ በምራቅ ነው፤ ሲላላሱ፥ ከአንድ ሳሕን ሲበሉ፥ ሲናከሱ። ከእናትም ወደ ልጆቿ ያልፋል። ከድመት አካል ውጭ ግን ብዙ አይቆይም፤ ሳሙናም ያጠፋዋል። ደምን ያሳንሳል፥ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፥ ካንሰርም ያመጣል። ክትባት አለው፤ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ከሰፈረ በኋላ ግን ፈውስ አልተገኘለትም። ብዙዎቹ ድመቶች በሽታው ከታወቀባቸው በኋላ የሚኖሩት ጥቂት ዓመታት ነው፤ እነዚያን ዓመታት ግን በእንክብካቤ በደኅና ሊያሳልፏቸው ይችላሉ።

ሐምሌ ላይ ቤታችን ተለወጠ። በአሸተን ማርያም ተራራ ሥር ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩት አያቴ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው ወደ እኛ መጡ፤ አይጥ የሚያድንላቸውን አንበሶ የተባለ ጤነኛ ድመታቸውንም አስከትለው። ቀጥሎ እኅቴ የመጀመሪያ ልጇን በእናቷ ቤት ልትወልድ መጣች። እናቴም ሳሕን ባጠበች ቁጥር፥ "የዚህች ድመት በሽታ ለሚወለደው ልጅ ይተርፍ ይሆን?" ትል ጀመር።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። በሽታው ሰውን እንደማይነካ ዐውቅ ነበር፤ ለእናቴ ግን አልነገርኋትም። በዚያ ዝናብና ጭቃ የሻሼን ምግብ መለየት፥ የምትጸዳዳበትን አመድ መድፋት፥ አንበሶን ከአጠገቧ ማባረር ሰልችቶኝ ነበርና የእናቴ ፍርሃት ተስማማኝ። በማግስቱ ማለዳ ለቅዳሴ የምገባ ዲያቆን ሆኜ ሳለሁ፥ አንድ ምሽት "ለሕፃኑ ስል" ብዬ ሻሼን በቅርጫት አድርጌ ከከተማው ወጣ ካለ ገደል ልተዋት ተነሣሁ። አያቴ ከመደቡ ላይ ሆነው "ወዴት ነው?" አሉኝ። ነገርኋቸው።

"ልጄ፥ ለይተህ አኑራት እንጂ ለጅብ አትስጣት። ደግሞስ ለጎረቤት ድመት የላቸውም?"

ይህ ሁለተኛው ቃላቸው አፌን አስያዘኝ። ሻሼ ከጅብ ብትተርፍ እንኳ ከሌሎች ድመቶች ጋር ተናክሳ በሽታውን ታዛምተው ነበር። በላስታ ደግሞ ድመት የጎተራ ጠባቂ ናት፤ ገብሱንና ምስሩን ከአይጥ የምታድን እርስዋ ናት። እኔ ግን ከቤቴ ያወጣሁትን ሸክም በጎረቤቴ ቤት ላይ ልጥለው ነበር።

በዚያች ሌሊት የሙሴ እኅት ማርያም ትዝ አለችኝ። ለምጽ በወጣባት ጊዜ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተለየች፤ ሕዝቡ ግን እርስዋ እስክትመለስ ድረስ አልተጓዘም (ዘኍ. 12፥15)። መለየት አንድ ነገር ነው፤ መጣል ሌላ ነው። የተለየ የሚጠብቀው ሰው አለው፤ የተጣለ ግን ማንም የለውም።

ከቅዳሴ መልስ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኋት። በግቢያችን ባለ ሁለት ደርብ ክብ የድንጋይ ቤት አለ፤ እንደ ጥንቱ የላስታ ቤት ታችኛው የከብት፥ ላይኛው የሰው ማደሪያ የነበረ። ላይኛውን እኔ አነብበት ነበር፤ ለሻሼ ለቀቅሁላት። የራሷ ሳሕንና አመድ ከአሸዋ የተቀላቀለበት ሣጥን ተሰጣት። አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፥ ዘወትር የሚያክመው በሬና በቅሎ ቢሆንም፥ ድዷን እንድመለከት አስተማረኝ፤ ድዷ ከነጣ ደሟ አንሷል ማለት ነው። ጥሬ ሥጋ እንዳንሰጣትም አዘዘን። እኅቴ ደግሞ የሻሼንም ሆነ የአንበሶን ኵስ ፈጽሞ እንዳትነካ አስጠነቀቀን። ቶክሶፕላዝማ የተባለ ሌላ ተውሳክ ጤነኛ ከሚመስል ድመት ኵስ እንኳ ወደ ነፍሰ ጡር ተላልፎ ፅንስን ሊጎዳ ይችላልና። የማይጎዳንን ስንፈራ፥ ሊጎዳን የሚችለውን ሳናውቅ ኖረናል።

ጳጉሜን ላይ ሕፃኗ በሰላም ተወለደች። እኔም ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለስሁ፤ የአያቴ እግር ደረጃ አይወጣምና የሻሼ ነገር በእናቴ እጅ ወደቀ።

ለገና ስመለስ ቤታችን ከሩቅ አገር በእግራቸው በመጡ እንግዶች ተሞልቶ ነበር። እናቴ እግራቸውን አጥባ ማደሪያ ስታከፋፍል የላይኛው ክፍል ብቻ ተዘግቶ አየሁ። አንድ አባት "እዚያ ላይ ቦታ የለም?" ብለው ጠየቁ።

"አባቴ፥ እዚያ በሽተኛ አለችን" አለቻቸው።

ወጥቼ አየኋት። ከስታለች፤ ድዷም ፈዝዟል። ሳሕኗ ግን ታጥቦ በመስኮቱ ላይ ተደፍቶ ነበር።

ይቆየን።